ግራጫው ሾላ

የቢሊሱማ ሆርዶፋ እንጀራ ገና ያልተሠራ ቤት ማሳየት ነው። አርክቴክቶች መስመር ብቻ የሆነ ፕላን ይልኩለታል፤ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ግድግዳ ያቆምለታል፣ መስታወት ይገጥምለታል፣ ፀሐይ ያወጣለታል፣ በረንዳው ላይ ስልክ የምታወራ ቆንጆ ያስቀምጥለታል። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ያን ሁሉ ብርሃንና ጥላ አስልቶ ፎቶ የሚመስል ሥዕል ያወጣል። የሙያው ሰዎች ሬንደር ይሉታል። ከቦሌ እስከ ሰሚት በየግንባታው የቆርቆሮ አጥር ላይ ከተለጠፉት ሥዕሎች ጥቂት የማይባሉት የእሱ እጅ ሥራዎች ናቸው። ዛፍ በሌለበት ዛፍ አብቅሏል፤ ቧንቧው ከስንት ቀን አንዴ በሚንጠባጠብበት ሰፈር ፏፏቴ አፍስሷል። በዚህ እንኳ የሚቀየመው የለም፤ ሻጩም ገዢውም የሚያውቁት ውሸት ነው።

እሱን የሚቆጨው ሌላ ነው። የሚቆጨው አንድ ሥዕል ነው፤ ያውም በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ ያማረው።

አባቱ አቶ ሆርዶፋ የቦሌ ቡልቡላ ገበሬ ነበሩ። ኮንዶሚኒየሙ መጥቶ መሬቱ ሲሄድ በካሳው ጎሮ ላይ ቤት ሠሩና ከሴት ልጃቸው ከልዩ ጋር መኖር ጀመሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ያን ሁሉ አላዩም፤ መሬቱ ገና የራሳቸው ሳለ ነው ያረፉት። ቢሊሱማ እዚያው ጎሮ፣ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ቢሮ አድርጓት ይውልባታል። አባትየው ጠዋት ግቢውን ይዞራሉ፤ የሚያዩት ሰብል፣ የሚመልሱት ከብት የለም። ከዚያ የልጃቸው በር ላይ ዱካ ስበው ፀሐይ ይሞቃሉ። መሬት የሌለው ገበሬ ቀኑን በምን እንደሚያመሸው ማንም አልነገራቸውም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ስክሪኑን አሻግረው አዩና «ይሄ የት ያለ ቤት ነው?» አሉ።

«ገና ነው አባዬ፤ አልተሠራም። ሲኤምሲ አካባቢ ሊሠሩት ነው።»

«ሣሩ ግን በቅሏል።»

«እኔ ነኝ ያበቀልኩት።»

አቶ ሆርዶፋ ሳቁ። «ዝናብ ሳይጠብቅ የሚያበቅል ገበሬ ወለድኩ በለኛ!» አሉ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ «ያልተሠራውን ቤት የምታሳይ ከሆነ፣ የፈረሰውን ማሳየት አያቅትህም ማለት ነው» አሉ።

ቢሊሱማ የድሮውን ግቢ ማለታቸው እንደሆነ የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው። ከዚያ ቤት የቀረ ፎቶ የለም ማለት ይቻላል። አንድ የሠርግ ፎቶ አለ፤ እሱም ላይ ሰው ተደርድሮ ቤቱን ጋርዶታል፤ የሚታየው የበሩ ማዕዘን ብቻ ነው።

«ዓይኔን ታውቀዋለህ» አሉ አባቱ። «ሳይጨልም አንድ ጊዜ ደጃችንን ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዓይናቸውን ያውቀዋል። የዓይን ግፊት ነው፤ ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል። የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው ያለውን ለማቆየት ነው፣ እስከ መቼ እንደሚያቆየው ግን ዋስትና የለም ብሏል። አቶ ሆርዶፋ በዚያን ጊዜ ዳር ዳሩ ጠፍቶባቸው፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚመለከት ሰው መሐል መሐሉን ነበር የሚያዩት። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ግን ደህና አድርገው ያያሉ። ቢሊሱማ ይህን ሁሉ እያወቀ «ምን ችግር አለው አባዬ፤ አሳይዎታለሁ» አለ።

በግንቦት አባትና ልጅ ቡልቡላ ሄዱ። አቶ ሆርዶፋ ሕንፃዎቹ መሐል ገብተው መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በረንዳው፣ ዲሹ፣ የተሰጣው ልብስ። ከዚያ አንገታቸውን አቀኑና የረር ተራራን ፈለጉ። በሁለት ብሎኮች መሐል ቁራጩን ሲያገኙት ፊታቸው በራ።

«እዚህ ጋ ቁም» አሉት መኪና ማቆሚያው ላይ። «በራችን የረርን ነበር የሚያየው። ፀሐይ ስትወጣ ሳታንኳኳ ትገባለች። በረቱ እዚያ፣ ነጩ መኪና የቆመበት። ኦዳው ደግሞ እዚህ፣ እኔ ያለሁበት።» ኦዳ የሚሉት ሾላውን ነው፤ ዛፉን በአማርኛ ሲጠሩት ሰምቶ አያውቅም።

የግቢው ጥበቃ መጣና «አባት፣ ምን ፈልገው ነው?» አላቸው።

«ቤታችንን» አሉ አቶ ሆርዶፋ።

«ብሎክ ስንት?»

ቢሊሱማ ሳቁን ውጦ ጥበቃውን ገለል አድርጎ አስረዳው። ጥበቃው ጨዋ ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ራቅ ብሎ ቆሞ ነው የጠበቃቸው። አባቱ የቤቱን ዙሪያ በእግራቸው ለኩ፤ ጓሮው የት እንደሚያልቅ፣ ጥሩነሽ እህል የምታበጥርበት ድንጋይ በየት በኩል እንደነበር አሳዩ። ቢሊሱማ ሁሉንም በስልኩ ቀረጸ። ወደ ቤት ሲመለሱ አዛውንቱ ታክሲ ውስጥ ዝም ብለው ፈገግ ይሉ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቶ አያውቅም።

በሰኔ አጋማሽ ቤቱ ቆመ። መቆም ሲባል ግራጫውን ነው። በዚህ ሙያ መጀመሪያ የሚሠራው ቀለም የሌለው፣ ሣርና ቅጠል የሌለው ደረቅ ቅርጽ ነው፤ ግድግዳውም ሰማዩም ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ። ክቡ ቤት፣ በረቱ፣ የእሾህ አጥሩ፣ ከኋላ የረር። ሾላው ደግሞ ግንድ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ድብልብል። ይህን ሁሉ የሠራው በአሮጌው ላፕቶፑ ነው፤ ያለ ምንም ችግር ይከፍተዋል።

ችግሩ የመጣው ቅጠል ሲጨመር ነው። ሾላ ደግሞ ቅጠሉ መዓት ነው። ቢሊሱማ እያንዳንዱ ቅጠል ብርሃን ሲያልፍበት እንዲታይ ፈለገ፤ ከሥሩ የወደቀውን ፍሬ፣ የግድግዳውን ጭቃ ስንጥቅ፣ ሣሩን ዘለላ በዘለላ። ላፕቶፑ ጋለ፣ ማራገቢያው ጮኸ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቁሮ ዝም አለ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። «በዚህ አሮጌ ዕቃ አባቴን አላዋርድም» አለ ለራሱ። አዲስ ማሽን ይገዛል፤ ወርክስቴሽን የሚሉትን፣ ለከባድ ሥራ የተሠራውን። ለማንኛውም የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ለዚህ ሲል ቢያፋጥነው ምን ይለዋል? የዋለ ያደረ ሐሳብ ነበርና ለአባቱ ብሎ እንደሚገዛው ራሱን ማሳመን አልከበደውም።

በዚያው ሰሞን ነው አባቱ የገቡበት። ቢሊሱማ ግራጫውን ከፍቶ የአጥሩን ዙር እያስተካከለ ነበር። አቶ ሆርዶፋ በሩ ላይ መቀመጡን ትተው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ዘለቁ።

«የኛው ቤት ነው እንዴ?»

ቢሊሱማ የላፕቶፑን ክዳን ቶሎ ከደነው። «አላለቀም አባዬ! ሲያልቅ ነው የሚያዩት።»

«ቶሌ» አሉ አባቱ። በኦሮምኛ እሺ ማለታቸው ነው። ትንሽ ቆመው ተመልሰው ወጡ።

እዚህ ላይ ለፍርድ እንዳንቸኩል የሙያውን ሕግ ማወቅ ደግ ነው። ለደንበኛ ያላለቀ ሥራ አያሳዩም። ቢሊሱማ ገና ጀማሪ ሳለ እንዲህ ያለውን ግራጫ ለአንድ ባለ ሪል ስቴት አሳይቶ፣ ሰውየው በሰው ፊት «ይሄ ቤት ነው ወይስ የሲሚንቶ ከረጢት?» ብሎ ስቆበታል። ሥራውም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሬንደሩ ሳያልቅ ክዳን ከፍቶ ያሳየው ሰው የለም። ግን አባቱ ደንበኛ ናቸው እንዴ? ይህን ጥያቄ ያን ጊዜ ቢጠይቀው ኖሮ ተረት የሚሆን ነገር አይኖርም ነበር።

የማሽን ምርጫው ተጀመረ። ቢሊሱማ ሥራ ሲፈታ ቪዲዮ ማየት፣ ቪዲዮ ሲሰለቸው ቴሌግራም ላይ መከራከር ሆነ። አንዱ «ፕሮሰሰሩ ላይ አውጣ፤ እሱ ነው ልቡ» ይለዋል። ሌላው «ፕሮሰሰር ድሮ ቀረ፤ አሁን ሁሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው» ይላል። ካርዱንም ሲመርጥ፣ ፈጣን የሆነው ሜሞሪው ያንሳል፤ ሜሞሪው ሰፊ የሆነው ፍጥነቱ ያንሳል። ሜሞሪው ካነሰ ደግሞ ያ ሁሉ ቅጠል አይገባለትም፤ ሥዕሉ መሐል መንገድ ላይ ይቋረጣል። ሦስተኛው ይመጣና «ወንድሜ ትንሽ ታገሥ፤ አዲሱ ሊወጣ ነው፤ አሁን የገዛ ሞኝ ነው» ይለዋል። የዚህ ሦስተኛው ምክር ነው ቢሊሱማን የሚጥመው። መጠበቅ ሥራ ይመስላል፤ ሰው ሲጠብቅ እንደተቀመጠ አይታወቀውም።

ኢምፔሪያል አካባቢ ኮምፒውተር የምትሸጥ ራሕማ የምትባል ደንበኛው አለች። አፏ እንደ ልቧ ነው፤ ዕቃ ልሽጥ ብላ አታባብልም። በሐምሌ ዝናብ አንድ ከሰዓት ሱቋ ሲገባ ከጠረጴዛው ሥር ጥቁር ትልቅ ወርክስቴሽን አወጣች። ያገለገለ ነው፤ ከውጭ አገር ቢሮ የተነሣ።

«ይሄ ዛሬ ይሠራልሃል፣ ቢሌ። ትንሽ ዘገምተኛ ነው እንጂ አይከዳህም። እዚሁ ፈትነው።»

ቢሊሱማ ጎኑን ከፍቶ አየው። ካርዱ ሁለት ትውልድ ያለፈበት ነው። «ሜሞሪው ያንሳል። ዛፌን አይችለውም።»

«የምን ዛፍ?»

ነገራት። የአባቱን ነገር፣ የቡልቡላውን ቤት፣ የዓይናቸውን ነገር። ራሕማ እጇን አጣምራ ሰማችው።

«ታዲያ ቅጠሉን ቀንሰዋ!»

«አይሆንም። ሾላ እኮ ነው። ከቀነስኩት ሾላ አይመስልም።»

«አባትህ ስንት ቅጠል ነው የሚቆጥሩት?» አለች ራሕማ። «ስማኝ፤ እኔ ሻጭ ነኝ፤ ውዱን ብታዝዘኝ ነው የሚጠቅመኝ። ግን ለአባትህ ከሆነ ዛሬ ይሄን ተሸክመህ ሂድ። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ሲባል አልሰማህም?»

ቢሊሱማ ሳቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ ተረቱን በተረት መለሰላትና፣ አዲሱን ካርድ ከዱባይ በሚመጣ ሰው እንድታስመጣለት አዘዛት። ራሕማ ጥቁሩን ማሽን ወደ ቦታው መለሰችው። ዝናቡ እስኪያባራ ሱቁ ደጅ ቆሞ ማሽኑን ደጋግሞ እንዳየው ያስታውሳል። ያን ቀን ኪሱም ፈቃዱም ነበረው፤ የጎደለው ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባውም።

ከዱባይ የሚመጣው ሰው ጉዞው ተላለፈ። ሲመጣ ደግሞ ካርዱ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ተመለሰ። መስቀል አለፈ። አዲስ የተባለው ትውልድ መጣ ተባለ፤ መጣ ሲባል አገር ቤት ለመግባት ወራት ይፈልጋል። በዚህ መሐል ጎሮ መብራት እየሄደ እየመጣ የጎረቤት ፍሪጅ አቃጠለ፤ ቢሊሱማ እንዲህ ላለ ማሽን መብራት ሲቋረጥ የሚይዝ ደህና ዩፒኤስ ካልቀደመ አይሆንም ብሎ ደግሞ ዩፒኤስ ማማረጥ ጀመረ። ከዚያ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ነገር መጣ፤ በውኃ ይሁን በነፋስ? ከዚያ የኬዙ ነገር፤ ጎኑ መስታወት ይሁን አይሁን ብሎ ሳምንት ሙሉ የተከራከረ ሰው ነው። ጎኑ መስታወት የሆነ ሳጥን የሾላ ቅጠል አያሳምር!

ለአባቷ ዓይን ጠዋትና ማታ ጠብታ የምታደርገው ልዩ ናት፤ የሚሆነውን ከማንም በፊት ታያለች። በኅዳር አንድ ቀን ወንድሟ ቢሮ ድረስ መጣችና በሩን ዘግታ ቆመች።

«ቢሌ፣ አባዬ እየባሰባቸው ነው። ትናንት እኔን በድምፄ ነው የለዩኝ። ያለውን አሳያቸው።»

«ያለው እኮ ግራጫ ነገር ነው፤ ምን ብዬ ላሳያቸው? ካርዱ ወር ሳይሞላው ይገባል።»

«ሐምሌም እንዲሁ ብለሃል።»

«አንዴ ነው የሚያዩት፣ ልዩ! አንዴ ካዩት አይቀር ደህና አድርገው ይዩት።»

ልዩ በሩን ከፍታ ወጣች። እህቱ ሳትቆጣ ስትሄድ ከመቆጣቷ የከፋ መሆኑን ያውቃል፤ ግን እሷ ስለ ሬንደር ምን ታውቃለች ብሎ ራሱን አጽናና። ትምህርት ይሉት ነገር አንዳንዴ ጆሮ ይደፍናል።

ማሽኑ የተሟላው በየካቲት ነው። ራሕማ ራሷ መጥታ ገጠመችው። መብራቱ ሲበራ ቢሊሱማ እንደ ሕፃን ደስ አለው፤ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው፤ የተከራከሩት ሁሉ አደነቁ። ለመሞከሪያ ብሎ መጀመሪያ የሠራበት ግን የቡልቡላውን ቤት አልነበረም። የአንድ ባለ ሪል ስቴት አፓርታማ አስቸኳይ ነበርና እሱን አስቀደመ። አሮጌው ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ የሚያቃስትበትን ሥዕል አዲሱ ማሽን ሻይ እስኪቀዳ ሠርቶ አስረከበው። ቢሊሱማ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ከዚያ ወደ ሾላው ተመለሰ። ቅጠሉን አለበሰው። ሣሩን፣ ጭቃውን፣ የበረቱን አጣና አንድ በአንድ ጨረሰ። ጥሩነሽ እህል የምታበጥርበት ድንጋይ ላይ ሰፌድ አስቀመጠ። ፀሐይዋን ወደ ማታ አዘነበላት፤ በሙያው ቆንጆ የሚባለው ብርሃን እሱ ነው፤ ሁሉን ወርቅ ያስመስላል። አባቱ በእነዚያ ቀናት እንደ ወትሮው በሩ ላይ ዱካቸው ላይ ነበሩ። ግቢውን መዞር እንደተዉ አይቷል፤ ጾሙ አድክሟቸው ነው ብሎ አለፈው። ፊታቸው ወደ እሱ ዞሮ ስለሚቀመጡ የሚያዩት ይመስለው ነበር።

በመጋቢት አንድ ከሰዓት ሥዕሉ አለቀ። ቢሊሱማ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነቱን ለመናገር ድንቅ ነበር። ልጅነቱ ስክሪኑ ላይ ቆሞ የሚያየው መሰለው። «አባዬ! አለቀ! ይምጡ ይዩት!» ብሎ ተጣራ።

አቶ ሆርዶፋ ከዱካቸው ተነሡ፤ ግን አልገቡም። ልዩ ከቤት እየሮጠች መጥታ እጃቸውን ያዘች። ደረጃው ጋ ስትደርስ «አንድ ደረጃ አለ፣ አባዬ» አለቻቸው። ያን ደረጃ ላለፉት ዓመታት በየቀኑ ወጥተውታል።

ቢሊሱማ እህቱን አያት። እሷም አየችው።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ።

«ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ጭልጭል የሚል ብርሃን ብቻ ነው ያለው» አሉ አባቱ ራሳቸው። «እሷን አትቆጣት። እንዳትነግረው ያልኳት እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይረበሽም።»

ልዩ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቢሊሱማ ቆሞ ቀረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እሱ መሆኑን እዚያው ቆሞ ተረዳው፤ መረዳቱ የሚጠቅመው አንድም ሰው አልነበረም። አባቱ ግን ኮታቸውን አስተካክለው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«በርቷል?»

«በርቷል፣ አባዬ።»

«በል ንገረኝ።»

ነገራቸው። ከየት መጀመር እንዳለበት ግራ ገብቶት ከበሩ ጀመረ። በሩ የረርን እንደሚያይ፣ አጥሩ ላይ ሐረግ እንደወጣበት፣ ድንጋዩ ላይ ሰፌድ እንዳለ፣ የሾላው ቅጠል ብርሃን ሲያልፍበት ደም ሥሩ ሳይቀር እንደሚታይ። አባቱ በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለ ሰፌዱ ሲሰሙ «እንዴት አስታወስክ?» አሉ። ያን ሁሉ ወር ያማረጠውን፣ ያለሰለሰውን፣ ያሰላውን ነገር በአፉ ሲናገረው እንዴት አጭር እንደሆነ ቢሊሱማ ገረመው። ሲጨርስ ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን በላያቸው አለፈ።

«ጉሙስ?» አሉ አቶ ሆርዶፋ።

«የምን ጉም?»

«ያን ቀን የነበረው።»

«የትኛው ቀን፣ አባዬ?»

«ስገባ የዘጋኸው ቀን ነዋ።» አዛውንቱ በእጃቸው አየሩ ላይ ክብ ነገር ሠሩ። «ገና ሳትዘጋው ኦዳውን አይቼዋለሁ። እዚያ ቆሟል፣ ድብልብል ብሎ፤ ቤቱም ከሥሩ አለ። ሁሉም አመድማ ነው። ነሐሴ ላይ ከብት ልፈታ ማለዳ ስወጣ ልክ እንደዚያ ነበር የሚታየው፤ ጉሙ ሳይነሣ። ቅጠል አይለይ፣ ሣር አይለይ። እናትህ በሩን ስትከፍት የምድጃው ጭስ ይወጣና ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። ‹ይሄ ልጅ ያኔ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ ጉሙን በምን አወቀው?› እያልኩ ነው የወጣሁት።»

ቢሊሱማ ተንበርክኮ የወንበሩን እጀታ ያዘ። «ታዲያ ለምን ክፈተው አላሉኝም? አንድ ቃል ቢሉኝ እኮ እከፍተው ነበር!»

«አላለቀም አልከኝ፣ ኢልማ ኮ» አሉ ልጄ ሲሉ። «የዘሩትን በቅሎ እንደሆነ እየቆፈሩ አያዩም። ይጨርስ ብዬ ነው።»

ልዩ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቱ የለመኑት ዓይናቸው ሊያየው የሚችለውን ነበር፤ እሱ ያን ነገር በሰኔ ሠርቶ ጨርሶት ነበር። በእጁ ነበር፤ በአሮጌው ዕቃ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ አባቱ አጠገቡ ቆመው። የቀረው ክዳኑን አለመዝጋት ብቻ ነበር።

«ያኛው አሁንም አለ? ጉም ያለበት?» አሉ አቶ ሆርዶፋ።

«አለ።»

«ክፈተው እስኪ።»

አሮጌውን ላፕቶፕ ከመደርደሪያው አወረደ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠው። ፋይሉን ነካው። ሳይጋል፣ ሳይጮህ፣ ወዲያው ተከፈተለት። ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ ቤት፣ ግንዱ ላይ የተቀመጠ ድብልብል ሾላ። ያለ ቅጠል አይሆንም ያለው ሾላ። አሁን ሲያየው የነሐሴ ማለዳ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ሰው ሊወጣ ይመስላል።

«ተከፈተ፣ አባዬ።»

«ጉሙ አለ?»

«አለ።»

አቶ ሆርዶፋ ፈገግ አሉ። ላፕቶፑ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው የአዲሱ ማሽን ማራገቢያ ነው። አዛውንቱ ድምፁን ተከትለው ወደ ትልቁ ስክሪን፣ ወደ ወርቃማዋ ፀሐይ ዞሩና አንገታቸውን አስግገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኸው ኦዳው» አሉ።

ቢሊሱማ አላረማቸውም።